ፊት ከነአፍንጫው

ኅዳር 9 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዓምሃ በዘጠኝ ሰው ፊት «የአይሁድ በረኛ» ብሎ ሰደበኝ። ዘጠኙንም በስም አውቃቸዋለሁ። አራቱ ሳቁ። ሁለቱ እንዳልሰማ ሰው ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። ሦስቱ አዘኑልኝ፤ ይኸኛው ከሳቁ ይብሳል። በመካከላችን በኬሻ ላይ የተጋደመው አሥረኛው ሰውዬ ብቻ ምንም አላደረገኝም። እሱ ሬሳ ነበር።

ሬሳውን አብዮት ጠባቂዎች ከሸጎሌ በላይ ካለው የባሕር ዛፍ ገደል ሥር አንስተው ቀበሌው መጋዘን አስገቡት። ጭንቅላቱ ከኋላው ተፈርክሷል። ፊት የሚባል ነገር የለውም። «ጅብ ነው» አሉ። ቡናማ የሱፍ ሹራብ ለብሷል፤ እግሩ ባዶ ነው፤ «ጫማውን ሌባ ወስዶታል» አሉ። ሹራቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እትዬ ሙሉ ለአንድ ልጇ ለመሸሻ በእጇ የሠራችው ነው።

እትዬ ሙሉ ደረቷን እየደቃች ገባች። ጨርቁ ገና አልተገለጠም።

«ግራ ቅልጥሙን እዩልኝ! በልጅነቱ መጥረቢያ የመታው ጠባሳ አለው! እሱ ከሌለ ልጄ አይደለም!»

የሱሪውን እግር ሰበሰቡት። ጠባሳው አለ። መጋዘኑ በለቅሶ ተናጋ።

እኔ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ጽሕፈቴ ግን ይነበባል። ጓድ ዓምሃ አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። መጨረሱን በየስብሰባው ይናገራል፤ በማትሪክ ስንት እንዳመጣ ግን ተናግሮ አያውቅም።

«በል ጻፍ ታረቀኝ» አለኝ። «ሟች መሸሻ መሆኑን እናቱ አረጋግጠዋል። ደባሉ ለታም በልብሱ ለይቶታል። ገዳዮቹ ፀረ አብዮተኞች ናቸው። በቃ።»

«ፊቱ አልታየም» አልኩ።

«ፊት የት አለውና?»

«እንግዲያው ማን እንደሆነ አናውቅም። ፊት ከነአፍንጫው ካልታየ በሬሳ ላይ ምስክርነት የለም።»

«የቱ አንቀጽ ነው እንደዚያ የሚለው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። «ተልሙድ» አልኩ። ስድቡ የመጣው ያኔ ነው።

ሳቁ ሳያልቅ ከኋላ አንዲት ሴት ወደ ፊት አለፈች። የመሸሻ ሚስት ዓለምፀሐይ ናት። ጎንበስ ብላ ባዶ እግሩን አየች፤ ቀና አለች።

«ይሄ ባሌ አይደለም» አለች።

እትዬ ሙሉ ልቅሶዋን እንደ ቧንቧ ዘጋችው። «ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይ? ገድላ ልትክደው ነው! እሷና ያ ደባሏ ናቸው የገደሉብኝ!»

አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል ነው። ፀረ አብዮተኞቹ ተረሱ። ዓለምፀሐይንና በጓሮዋ ክፍል በደባልነት የሚኖረውን ለታን ይዘው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው።

ነገሩ የሚቸኩልበት ምክንያት ነበረው። መሸሻ ለዘመቻ ከተመለመሉት አንዱ ነው፤ ካሚዮኖቹ ሰኞ ይመጣሉ። የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ወይ ሰውዬውን ወይ የሞቱን ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ገዳይ ሆና የተጻፈች ሴት ደግሞ ሰኞ ዕለት ወደ በላይ አካል ትተላለፋለች። በዚያ ዓመት ወደዚያ ተላልፎ፣ ተመልሶ ያወራ ሰው አላውቅም።

«አልፈርምም» አልኩት ጓድ ዓምሃን።

ሌላ ጸሐፊ ቢኖረው እኔንም ከሴትዮዋ ጋር ባሰረኝ ነበር። የእሱን ጽሕፈት ግን እሱም መልሶ አያነበውም። «እስከ ሰኞ አራት ሰዓት» አለ። «አይሁድህ ምን እንዳስተማረህ እናያለን። ከዚያ በኋላ ትፈርማለህ፤ ወይ ለራስህ ይጻፍልሃል።»

አይሁዱ ሙሴ መናሔም ይባል ነበር። ከየመን የመጣ የኤደን ሰው፣ የቆዳ ነጋዴ። አሥራ አንድ ዓመት በሩን ጠብቄለታለሁ። ያ ተልሙድ የሚሉት የሕግ መጽሐፋቸው ለብቻ አይጠናም፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እየተጨቃጨቀ ነው። ወንድሙ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድበት የሚጨቃጨቀው ሰው አጣና፣ እኔን ከበሩ ጠርቶ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጠኝ። በተሰባበረ አማርኛ ይተረጉምልኛል፣ «አሁን አንተ እንቢ በለኝ» ይለኛል። ሃይማኖቴን አልቀየርኩም። የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሁሉ እሺ ባለበት ቦታ እንቢ ማለትን ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን አስከፍቼ ከሬሳው ጋር ተቀመጥኩ። የሹራቡ አንገትጌ ንጹሕ ነው። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን ከጀርባው ጋር በደም ተጣብቋል። የቀኝ ትከሻው እንደ በሬ ጫንቃ ጠጥሯል። እግሩ ሰፊ ነው፤ ተረከዙ ጣት የሚያስገባ ንቃቃት አለው። ጠባሳውን በጣቴ ነካሁት፤ ገና ሮዝ ነው፣ ቆዳው ስስ ነው። ጭኑም እጁም ምንም አልሆነም። ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው የጠፋው።

እስር ቤቱ አጠገቡ ነው። ዓለምፀሐይ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ ሊፈርዱብኝ ነው አይደል?»

«ሰኞ ነው። አሁን የምጠይቅሽን መልሺ። ከባልሽ ጋር ጠብ ነበራችሁ?»

«ሰፈሩ የሚያውቀውን! ሁለቴ ጥርሴን አውልቋል። ሁለቴ አፋቱኝ ብዬ ሸንጎ መጥቻለሁ፤ እርስዎ ነዎት የጻፉት።»

«አዎ።»

«ምን አሉኝ? በቁርባን ነው የተጋባችሁት፣ ቤትሽ ግቢ። የነፍስ አባቴም ከሞት በቀር የሚፈታው የለም አሉኝ።»

«እና ዛሬ ሞተልሽ። አዎ ባሌ ነው ብትዪ ነጻ ነበርሽ። ለምን ካድሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ነጻ መውጣት እንዴት እንደምፈልግ አያውቁም እርስዎ። ግን ያንን እግር አየሁት። መሸሻ በትንሽ እግሩ የሚኮራ ሰው ነው፤ ሹል ጫማ እንጂ ሌላ አያደርግም። እኔ ነኝ እግሩን ስድስት ዓመት ያጠብኩት። የማንም ይሁን የማን፣ በሰው ሬሳ ላይ እንዴት ብዬ ልዋሽ?»

«ጠባሳስ ነበረው?»

«እግሩ ላይ? የለውም።»

«መቼ ነው ከቤት የወጣው?»

«ሐሙስ። እናቴ ጋ እበላለሁ ብሎ ወጣ።»

ለታ በሌላው ክፍል ነው። አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጣል፤ ምላሱ እዚያም አላረፈም።

«ጋሼ፣ እኔ ሹራቡን ነው ያወቅኩት። መሸሻ ነው በል አሉኝ፣ አልኩ።»

«ፊቱንስ?»

«ፊት ነበረው እንዴ? ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ብቻ አይደለም ልል ነው?»

«ከዓለምፀሐይ ጋርስ?»

«አንድ ቀን ውሃ ቀዳሁላት፤ ይኸው ሰፈሩ ሦስት ልጅ አስወልዶናል! ይልቅ ጋሼ፣ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሸሻን አይቼዋለሁ። ያንን ሹራብ ለብሶ፣ ሹል ጫማውን አድርጎ እናቱ ግቢ ሲገባ። ከውስጥ እንጨት ሲፈለጥ ይሰማ ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ሙሉ ቤት ሄድኩ። ለቀስተኛው ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል፤ እሷ ትራስ ተደግፋለች።

«እግዜር ያጽናዎት እትዬ። ሐሙስ መሸሻ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«ልጄን ካየሁት ሳምንቴ! እሷ መች ታስመጣዋለች? አንተ ደግሞ ምን ትዞራለህ? አሮጌ አሽከር ጌታው ጥሎት ሲሄድ መሥራት ያለበትን አያውቅም።»

ይኼንንም መዘገብኩት። ኅዳር 10፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ወደ ጓሮ ዞርኩ። የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ ግማሹ ተፈልጧል፣ ግማሹ እንዳለ ነው። መጥረቢያ የለም። ከግንዱ ጎን ያለው መሬት ላይ አንድ ሙሉ ምድጃ አመድ ተበትኗል። አመዱን በጫማዬ ገፋ አደረግሁት፤ ሥሩ ያለው አፈር ጠቁሮ ረግቷል።

ከዚያ ማዶ ጀዊሪያ ሱቅ አላት። በመስኮቷ የማያልፍ የሰፈር ነገር የለም።

«ጀዊሪያ፣ ለእትዬ ሙሉ እንጨት የሚፈልጠው ማነው?»

«ዋቅቶላ ነዋ! የሱሉልታው። አጣና ተሸክሞ የሚወርደው። በስሙ የምጠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው "አንተ እንጨት" ነው የሚለው። ምነው?»

«መቼ አየሽው?»

«ሐሙስ ዳቦ በሻይ በላ። ከዚያ ወዲህ... እ... አላየሁትም። አገሩ ሄዶ ይሆናል ብዬ ነዋ። ማን ይጠይቃል?»

«እግሩ ላይ ምልክት አለው?»

«ወይ አላህ፣ ያቺ ቁስል! ነሐሴ ላይ እዚያው እትዬ ሙሉ ጓሮ በገዛ መጥረቢያው ቅልጥሙን መታው። ጥጥና አልኮል ከእኔ ወስዳ ራሷ ነች ያሰረችለት። በዚያስ ክፉ አልላትም፤ በጊዜው ደግ ሴት ናት ብያለሁ...» ቃሏን አቋረጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ታረቀኝ! የትኛው እግር ነው?»

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ግራው ነው።»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ውጭ ካሚዮኖቹ ሞተራቸውን አላጠፉም። ጓድ ዓምሃ ከሁለቱ የሸንጎ ዳኞች መካከል ተቀምጧል። ዓለምፀሐይና ለታ በጠባቂ መሐል ቆመዋል። እትዬ ሙሉ ከል ለብሳ ከፊት ወንበር ተሰጥቷታል። ለእኔ ወንበር አልተሰጠኝም።

«ቀጥል፣ ረቢ» አለ ጓድ ዓምሃ። የሚስቁት ሳቁ።

«መጀመሪያ ቃላቸውን የምጥልባቸውን ሰዎች ልናገር» አልኩ። «ዓለምፀሐይ ባሌ አይደለም አለች። ጥዬዋለሁ። ያ ሕግ ሚስት በባሏ ሞት የምትታመነው በሁለቱ መካከል ሰላም ሲኖር፣ በዓለምም ሰላም ሲኖር ነው ይላል። እነሱ ቤት ሰላም አልነበረም፤ ስለ ዓለሙ ደግሞ ውጭ የቆመው ካሚዮን ይናገር። ለታ ሐሙስ አየሁ ያለው አለ፤ ተጠርጣሪ ስለሆነ እሱንም ጥዬዋለሁ።»

«ታዲያ የእናትየው ቃል ይበቃል» አለ አንዱ ዳኛ።

«የእሳቸውም ወድቋል። በባል ሞት ጉዳይ ቃላቸው የማይሰማ አምስት ሴቶች አሉ። የመጀመሪያዋ አማት ናት።»

አዳራሹ ጮኸ። ጓድ ዓምሃ ጠረጴዛውን መታ። «እናት በልጇ ሞት ትዋሻለች እንዴ? እንዲህ ያለ ድንቁርና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

«እኔም እንደዚሁ ብዬ ነበር፣ መጽሐፉ ሲነበብልኝ። መልሱ አጭር ነው። እናት መሆኗን አትዩ፣ አማት መሆኗን እዩ። ምራቷን ከጠላች፣ ልጇ በሕይወት እያለ ሞቷል ልትል ትችላለች። ስለዚህ የሁሉንም አፍ ትቼ ሬሳውን ጠየቅሁ።»

ወደ ጠረጴዛው ቀርቤ ከሬሳው ያስወለቅሁትን ሹራብ ዘረጋሁት።

«ሰውዬው የኋላ ጭንቅላቱን ነው የተመታው። ደሙ አንገቱን አልፎ ሸሚዙን አጣብቆታል። የዚህ አንገትጌ ግን ይኸው፣ ጠብታ የለውም። ሹራቡን የለበሰው ከሞተ በኋላ ነው። ልብስ ይዋሳል። ለሬሳም ይዋሳል።»

ማንም አልሳቀም።

«ጫማ አልነበረውም። ሌባ ወስዶታል ብላችኋል። ይሄን የመሰለ የሱፍ ሹራብ ትቶ ጫማ ብቻ የሚወስድ ሌባ በየትኛው አገር አያችሁ? ጫማው ያልተደረገለት አልገባ ስላለ ነው። የመሸሻ ሹል ጫማ በዚያ ተረከዝ ላይ አይወጣም። የቀኝ ትከሻው ጠጥሯል፤ አጣና የተሸከመ ትከሻ ነው። መሸሻ ታይፒስት ነው፤ ታይፕ በትከሻ አይመታም። ጅብ በላው አላችሁ። ሙሉ ጭን ትቶ አፍንጫ መርጦ የሚበላ ጅብ እኔ አላውቅም፤ እንጦጦ ሥር ተወልዳችሁ እናንተ ማወቅ ነበረባችሁ። ፊቱን ያጠፋው ሰው ነው፤ ፊቱ እንዳይታይ የሚፈልግ ሰው።»

«ጠባሳውስ?» አለ ጓድ ዓምሃ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«ሁሉም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሹራቡን አይቶ የተሳሳተ ይኖራል፤ እናትም ትሳሳታለች። እትዬ ሙሉ ግን ጨርቁ ሳይገለጥ ጠባሳውን ከነቦታው ተናገሩ። ጠባሳው ሦስት ወር ያልሞላው ሮዝ ነው፤ የልጅነት አይደለም። እንግዲህ የዚህን ሟች ግራ ቅልጥም ከዚህ በፊት ማን አይቶት ነበር? ጀዊሪያ፣ ነሐሴ ላይ ጥጡን ለማን ሰጠሽ?»

ጀዊሪያ ተነሣች። ማንንም አላየችም። «ለእትዬ ሙሉ። ለዋቅቶላ እግር።»

«ጀዊሪያ ዘመድም ጠበኛም አይደለችም። የእሷን ቃል አልጣልኩም። ዋቅቶላ ከሐሙስ ወዲህ የለም። እትዬ ሙሉ ጓሮ ግማሽ የተፈለጠ ግንድ አለ፣ መጥረቢያ የለም፣ በአመድ የተሸፈነ ደም አለ፤ አሁን ጠባቂ ላኩና እዩት። መሸሻ ዛሬ ካሚዮን ላይ መውጣት ነበረበት። የሞተ ሰው አይዘምትም። ስለዚህ ለእናትና ለልጅ አንድ ሬሳ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በዚህ ዓመት ሬሳ ማን ይጠይቃል? ሚስቱ እሱ ነው ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። አይደለም ስትል ነው ገዳይ የተደረገችው።»

ሁሉም ወደ እትዬ ሙሉ ዞረ። ትክዳለች ብዬ ነበር። ነጠላዋን ከጭንቅላቷ አወረደች።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለች። «እናንተ ልትወስዱት ስሙን ጻፋችሁ፣ እኔ ላስቀረው የእኔን አደረግኩ። ሌላውስ ማነው? ማን አለው? ማን ሊፈልገው ነበር? አንዳችሁ ስሙን ታውቁት ነበር ወይ?»

ከጀዊሪያ በቀር አንድም ሰው አያውቀውም ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ያ ብቻ ነው። ቢሆንም ስድስት ዓመት እንጨታቸውን የፈለጠ ሰው ነው።

«መሸሻ የት ነው?» አለ ጓድ ዓምሃ።

«ሄዷል። የት እንደሄደ እንዳይነግረኝ አስምዬዋለሁ፤ እኔን ገርፋችሁ እንዳታገኙት።»

ጠባቂዎቹ ክንዷን ይዘው ሲወስዷት እትዬ ሙሉ ዓለምፀሐይ ፊት ስትደርስ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየሁ።

«አንቺ» አለቻት። «ተገላገልኩ እንዳትይ። ሞተ ብዬ አልመሰክርልሽም፤ አለ ብዬም አልመሰክርልሽም። ቁርባንሽን ታቅፈሽ አርጂ።»

ወሰዷት። ጓድ ዓምሃ ጉሮሮውን ጠርጎ ጻፍ አለኝ። «በቀበሌው ሊቀመንበር ንቁ አመራርና በሰፊው ሕዝብ ትብብር...» አለ። ጻፍኩት። በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩት። ለዋቅቶላ አንድ መስመር ይበቃል አለ፤ እኔ ሦስት ጻፍኩለት፤ እንደማያነበው አውቃለሁ።

ስወጣ ካሚዮኖቹ ሄደዋል። ዓለምፀሐይ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሦስት ቀን በቆየችበት መሬት ልብሷ ቆሽሿል፤ ሰዎቹ ገና አጠገቧ አልቀረቡም።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ ነፍሴን አተረፉልኝ።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ መጽሐፍ እንደኔ ላለችው ምን ይላል? ባሌ ገዳይ ነው፣ የት እንዳለ አይታወቅም፣ ነገ ጫካ ውስጥ ቢሞት ፊቱን የሚያይ የለም። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ባል አለኝ ወይስ የለኝም?»

ባሏ ጠፍቶ ስለቀረባት ሴት የሚናገረው ገጽ ላይ ከሙሴ መናሔም ጋር ሁለት ዓመት ተቀምጠናል። እሱ ሴትዮዋን ሌላ አታገባም ብሎ ያስራል፣ እኔ እፈታለሁ። ያላመጣሁት ክርክር የለም። ምስክር ለሌላት ሴት ግን አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።

«ጋሼ?» አለች።

ደብተሬን በብብቴ ይዤ ወደ ጳውሎስ የሚወስደውን መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ ደግማ ስትጠራኝ ሰማኋት። እርምጃዬን አፈጠንኩ።